እሸት ቡና በዳገትና በቁልቁለት ሲጓጓዝ፦ የእንቅስቃሴ ሕጎች ለጫኝ፣ ለጋሪና ለመኪና

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው የእሸት ቡና ጥራት የሚወሰነው በማሳና በማጠቢያ ጣቢያ ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድም ድርሻ አለው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይኖርበታል። ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ በለቀማ ወራት ሁሉም ሰው ይቸኩላል። ለቃሚው ከመምሸቱ በፊት ለማስመዘን፣ ባለጋሪው ሁለተኛ ዙር ለመመለስ፣ ሾፌሩም ወደ ሌላው መሰብሰቢያ ቦታ ለመድረስ ይጣደፋል።

ጥድፊያው በከባድ ጭነት ላይ የሚመጣ ነው። 1 ኪሎ ግራም የታጠበ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ግራም ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ይህም ማለት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ጆንያ ንጹሕ ቡና ለገበያ ለማቅረብ 3 ኩንታል ተኩል የሚሆን እሸት ከማሳ እስከ ማጠቢያ ጣቢያ መጓዝ አለበት ማለት ነው። የጅማ (መልኮ) የምርምር ማዕከል በ1960 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በተለይም በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ከታየ በኋላ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ 741፣ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች ለገበሬው ተሰራጭተዋል። ዛፉ ጥሩ ምርት በሰጠ ቁጥር መንገዱ የሚሸከመው ጭነትም ይጨምራል።

መንገዱ ደግሞ ሜዳ አይደለም። በጎማ፣ በማና፣ በጌራ፣ በሊሙ ኮሳና በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳዎች ቡናው ያለው በተረተር ላይ ሲሆን፣ ማጠቢያ ጣቢያው ግን ውኃ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከታች በወንዝ ዳር ነው። ስለሆነም የተጫነ መኪና ወይም ጋሪ የሚሄደው ቁልቁል፣ ባዶው የሚመለሰው ሽቅብ ነው። አፈሩ ቀይ ሸክላማ ነው። ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ጭነት ለምን እንደሚንሸራተት፣ መኪና ለምን አልቆም እንደሚልና ጋሪ ለምን እንስሳውን እንደሚገፋ ማስረዳት ነው። ለዚህም በትምህርት ቤት የተማርናቸው ሦስቱ የእንቅስቃሴ ሕጎች ይበቃሉ። አይዛክ ኒውተን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ እነዚህን ሕጎች በመጽሐፍ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን ፈተና ካለፍን በኋላ ከደብተሩ ጋር ጥለናቸዋል። እዚህ ከቡና ጆንያ ጋር አያይዘን እንመለስባቸዋለን።

2. በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ የታየ አደጋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ አቅራቢያ ጸሐፊው ያየው ነገር የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። አንድ የጭነት መኪና ከመሰብሰቢያው ቦታ አጠገብ በቁልቁለት ላይ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ጫኞቹ ጆንያ እየተቀባበሉ ይጭኑ ጀመር። አሥር፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት ኩንታል ሲሞላ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ ኩንታል አልፎ ጥቂት እንደተጨመረ ግን ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ።

የጣቢያው ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ «ታኮ! ታኮ አድርጉለት!» እያሉ ጮኹ። ታኮ የሚሆን ድንጋይ ግን በአቅራቢያ አልነበረም። አምስት ወጣቶች ከፊት ሄደው በእጃቸው ሊይዙት ሞከሩ። እግራቸው በጭቃው ላይ ተንሸራተተ። አራቱ ዘለው ሲያመልጡ የአንደኛው እግር ተሰበረ። መኪናው ከአንድ ዛፍ ጋር ተላትሞ ቆመ።

በኋላ ሁሉም የተስማማው «ፍሬኑ ተበላሽቶ ነው» በሚል ነበር። ፍሬኑ ሲመረመር ግን ደኅና ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? መልሱን ከሕጎቹ በኋላ እናገኘዋለን።

3. ሦስቱ ሕጎች ባጭሩ

አንደኛው ሕግ። ማንኛውም ነገር ከውጭ ያልተመጣጠነ ጉልበት ካላረፈበት በስተቀር፣ ቆሞ ከሆነ እንደቆመ ይቀራል፤ እየሄደም ከሆነ በዚያው ፍጥነትና በዚያው አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል። ረከቦት ላይ ሲኒ ደርድረን ረከቦቱን በድንገት ብንስበው ሲኒዎቹ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። እየሄድን በድንገት ብናቆመው ደግሞ ወደ ፊት ይወድቃሉ። ሲኒዎቹን ማንም አልገፋቸውም። ነገር ግን ረከቦቱ ሲለወጥ እነርሱ በነበሩበት ሁኔታ ለመቆየት «ፈልገዋል»። በመኪና ላይ ያለ ጆንያም፣ በጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰውም ከሲኒው የተለዩ አይደሉም።

ሁለተኛው ሕግ። ያልተመጣጠነ ጉልበት ሲያርፍበት የነገሩ ፍጥነት ይለወጣል። ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ሽምጠት ይባላል። ሽምጠቱ ጉልበቱ ሲበዛ ይበዛል፣ የነገሩ መጠነ ቁስ ሲበዛ ያንሳል። በአኃዝ ሲጻፍ፦

ጉልበት = መጠነ ቁስ × ሽምጠት

ነው። የጉልበት መለኪያ ኒውተን ይባላል። 1 ኒውተን ማለት 1 ኪሎ ግራም የሆነን ነገር ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ የሚለውጥ ጉልበት ነው። መሬት እያንዳንዱን ኪሎ ግራም በ10 ኒውተን ያህል ወደ ታች ትስባለች (በትክክል 9.8 ነው፤ ለስሌት እንዲያመች 10 እንላለን)። ስለዚህ የአንድ ኩንታል ክብደት 1,000 ኒውተን ያህል ነው።

ሦስተኛው ሕግ። አንድ ነገር ሌላውን በገፋ ጊዜ ሌላውም በእኩል ጉልበት በተቃራኒው አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል። እኛ የምንራመደው መሬትን በእግራችን ወደ ኋላ ስንገፋ መሬትም ወደ ፊት ስለሚገፋን ነው። መሬቱ ጭቃ ከሆነና ግፊታችንን ካልተቀበለ እኛም የምናገኘው ግፊት የለም፤ እግራችን ይንሸራተታል። በመሬትና በእግር፣ በመሬትና በጎማ፣ በጆንያና በጆንያ መካከል መንሸራተትን የሚቃወመው ጉልበት ሰበቃ ይባላል።

4. ቁልቁለት እንዴት ይገፋል?

ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ክብደቱ በሙሉ ወደ ቁልቁል አይገፋውም። የሚገፋው የክብደቱ ክፍልፋይ ነው። ክፍልፋዩን ለማወቅ ተዳፋቱ በርዝመቱ ስንት ሜትር እንደሚወርድ መለካት ይበቃል። በ10 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር የሚወርድ መንገድ ላይ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ወደ ቁልቁል ይገፋል። በ5 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ አንድ አምስተኛው ይገፋል። የልማት ሠራተኞች እርከን ለመቀየስ የምንጠቀምበት ገመድና ውኃ ልክ ለዚህም ያገለግላል።

አሁን ወደ ቆመው መኪና እንመለስ። የመኪናው ባዶ መጠነ ቁስ 3,000 ኪሎ ግራም፣ ተዳፋቱም በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ነበር እንበል። ባዶውን ሳለ ወደ ቁልቁል የሚገፋው 3,000 ኒውተን ነው። የእጅ ፍሬኑ እስከ 6,000 ኒውተን መያዝ ቢችል መኪናው ያለምንም ችግር ይቆማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ኩንታል ሲጨመር ግፊቱ በ100 ኒውተን ያድጋል። 30 ኩንታል ሲሞላ ግፊቱ 6,000 ኒውተን ደረሰ፤ ፍሬኑና ግፊቱ ተመጣጠኑ። 31ኛው ኩንታል ሲጨመር ሚዛኑ ፈረሰ። ፍሬኑ አልተበላሸም። ከችሎታው በላይ ነው የተጫነበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነው የባሰ ነው። ፍሬን አንድ ጊዜ መንሸራተት ከጀመረ የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል። ወደ 4,000 ኒውተን ወረደ እንበል። ግፊቱ 6,100፣ ተቃውሞው 4,000፣ ልዩነቱ 2,100 ኒውተን ነው። በሁለተኛው ሕግ መሠረት 2,100 ለ6,100 ኪሎ ግራም ሲካፈል ሽምጠቱ ከ0.3 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ይህ ትንሽ ይመስላል። በመጀመሪያው ሰከንድ መኪናው ከስንዝር ያነሰ ይሄዳል፤ ሰውም «እይዘዋለሁ» ብሎ ያስባል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ግን 17 ሜትር ሄዶ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የሚሮጥ ሰው ያህል ይሆናል።

አምስት ጠንካራ ወጣቶች እያንዳንዳቸው በደረቅ መሬት በ400 ኒውተን ቢገፉ ጠቅላላው 2,000 ኒውተን ነው። ከሚያስፈልገው 2,100 ያንሳል። በጭቃ ላይ ደግሞ ሦስተኛው ሕግ ይከለክላቸዋል፤ መሬቱ ግፊታቸውን ስለማይቀበል ግማሹንም እንኳ መግፋት አይችሉም። ስለዚህ የሚንሸራተትን መኪና በሰው ጉልበት ለመያዝ መሞከር ጀግንነት አይደለም፤ ስሌቱ አስቀድሞ የፈረደበት ነገር ነው። ታኮ ግን ይይዘዋል። ሆኖም ታኮ የሚደረገው ጭነት ከመጀመሩ በፊት ነው።

5. የሚሄድ መኪና ለመቆም ስንት ሜትር ይፈልጋል?

ሾፌሩ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ቢያንስ 1 ሰከንድ ያልፋል። በዚያ ጊዜ መኪናው በነበረው ፍጥነት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍሬን ከተረገጠ በኋላ የሚሄደው ርቀት የሚገኘው ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለሽምጠቱ ሁለት እጥፍ በማካፈል ነው። ይህም ማለት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ሾፌሮች በቃላቸው ሊይዙት ይገባል።

ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና በደረቅ ኮረኮንች መንገድ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ መቀነስ ይችላል እንበል። በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት 2 ቢሆን ነው። በ10 ሜትር 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የመሬት ስበት 1 ይወስድበታል። በዚህ መሠረት የ1 ሰከንዱን ርቀት ጨምሮ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት እንደሚከተለው ነው።

ሀ) በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፦ በደረቅ ሜዳ ከ7 እስከ 8 ሜትር፣ በእርጥብ ሜዳ 11 ሜትር፣ በእርጥብ ቁልቁለት ከ17 እስከ 18 ሜትር።

ለ) በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፦ በደረቅ ሜዳ 20 ሜትር፣ በእርጥብ ሜዳ 35 ሜትር፣ በእርጥብ ቁልቁለት 60 ሜትር።

ሐ) በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፦ በደረቅ ሜዳ ከ37 እስከ 38 ሜትር፣ በእርጥብ ሜዳ 71 ሜትር፣ በእርጥብ ቁልቁለት ከ127 እስከ 128 ሜትር።

ቁልቁለቱ በ5 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነስ? የመሬት ስበት 2 ይወስዳል፤ ጭቃው የሚሰጠውም 2 ነው። የሚቀረው ዜሮ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ቢረገጥም መኪናው ፍጥነቱን አይቀንስም፤ በሚሄድበት ፍጥነት እየተንሸራተተ ይወርዳል። ወደ ማጠቢያ ጣቢያ በሚወስዱ አንዳንድ አቋራጮች ላይ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ይገኛል። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ቀን እነዚህን አቋራጮች መዝጋት የማኅበሩ ኃላፊነት እንጂ የሾፌሩ ድፍረት መፈተኛ መሆን የለበትም።

ጭነት መብዛቱስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ጎማው በጭቃ ላይ እየተንሸራተተ ከሆነ፣ ጭነት ሲጨምር ሰበቃውም በዚያው መጠን ስለሚጨምር የመቆሚያው ርቀት እምብዛም አይለወጥም። መንገዱ ደረቅ ሆኖ የሚያንሰው የፍሬኑ ጉልበት ከሆነ ግን ጭነት ሁሉን ይለውጣል። የአንድ መኪና ፍሬን ጠቅላላ ጉልበት 24,000 ኒውተን ነው እንበል። መኪናው ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ግራም ሲሆን ሽምጠቱ 3 ነው። 30 ኩንታል ትርፍ ተጭኖበት 11,000 ሲሆን ወደ 2.2 ይወርዳል። በ10 ሜትር 1 ሜትር በሚወርድ ደረቅ ቁልቁለት፣ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ የመጀመሪያው በ56 ሜትር ይቆማል። ሁለተኛው 95 ሜትር ይፈልጋል። ሠላሳው ትርፍ ኩንታል የገዛልን ነገር ቢኖር 39 ሜትር ተጨማሪ አደጋ ነው።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ሌላም ችግር አለ። 8,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ከፍታው 100 ሜትር የሆነ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሲወርድ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 25 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። የጋለ ፍሬን አይዝም። የተዘጋጀውን ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱ ሾፌሮች በግቤ ሸለቆ መውረጃ ይህን በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና በሞተር እየያዙ መውረድ ተገቢ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መውረድ ጨርሶ መወገድ ያለበት ልማድ ነው።

6. ኩርባ ላይ ጭነቱ ለምን ይገለበጣል?

በአንደኛው ሕግ መሠረት መኪናው ሲታጠፍ ጭነቱ ቀጥታ መሄድ ይፈልጋል። እንዲታጠፍ ለማድረግ ወደ ኩርባው ውስጥ የሚስብ ጉልበት ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ሽምጠት ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ለኩርባው ግማሽ ስፋት (ሬዲየስ) ሲካፈል ይገኛል። ሬዲየሱ 20 ሜትር በሆነ ኩርባ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለመታጠፍ የሚያስፈልገው 1.25 ነው። በሰዓት 36 ከሆነ ግን 5 ይሆናል። እዚህም ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

መንገዱ እርጥብ ከሆነ ጎማው 5 ስለማይሰጥ መኪናው ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። ደረቅ ከሆነ ደግሞ የመገልበጥ አደጋ ይመጣል። ይህ የሚወሰነው በጭነቱ ከፍታ ነው። ከመኪናው መካከል እስከ ጎማው ያለው ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 1.2 ሜትር ከሆነ መኪናው እስከ 6.7 ይታገሣል፤ በ36 ኪሎ ሜትር ኩርባውን ያልፋል። ጆንያ እስከ ሰማይ ተቆልሎ ማዕከሉ 1.8 ሜትር ከደረሰ የሚታገሠው 4.4 ብቻ ነው። ያው መኪና፣ በዚያው ኩርባ፣ በዚያው ፍጥነት ይገለበጣል። ሾፌሩ «ሁልጊዜ የማልፍበት መንገድ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ሳይሆን የጭነቱ ከፍታ ነው።

በጆንያ ላይ የሚሳፈሩ ለቃሚዎች ጉዳይ በተለይ መነሣት አለበት። በለቀማ ወራት ማታ ማታ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በጭነት ላይ ተሳፍረው ወደ ሠፈር ሲመለሱ ይታያል። እነዚህ ሰዎች በሁለት መንገድ ይጎዳሉ። አንደኛ፣ የክብደቱን ማዕከል ከፍ ያደርጉታል። ሁለተኛ፣ መኪናው በድንገት ሲቆም ወይም ሲታጠፍ እንደ ረከቦቱ ሲኒ ይወድቃሉ። ማኅበሩ የለቃሚ ማመላለሻ ጉዳይን ከእሸት ማጓጓዣው ለይቶ እንዲያስብበት ያስፈልጋል።

7. የእንስሳ ጋሪ

የፈረስም ሆነ የአህያ ጋሪ ፍሬን የለውም። ፍሬኑ እንስሳው ራሱ ነው። አንድ እንስሳ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ መጎተት የሚችለው የክብደቱን አንድ አሥረኛ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ ከ250 እስከ 300 ኒውተን፣ 120 ኪሎ ግራም የምትመዝን አህያ ከ120 እስከ 150 ኒውተን ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ መጎተት ይችላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይችሉም።

ጋሪው 100፣ ጭነቱ 400፣ በድምሩ 500 ኪሎ ግራም ይሁን። በደረቅና ጠንካራ ሜዳ ላይ ይህን ለማንቀሳቀስ 200 ኒውተን ገደማ ይበቃል፤ ለፈረስ የሚቻል ነው። በጭቃ ላይ ግን 700 ኒውተንና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በ10 ሜትር 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በሜዳው ላይ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ 500 ኒውተን ይጠይቃል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው 500 ኒውተን ዞሮ እንስሳውን ከኋላ ይገፋዋል። የመንገዱ ተቃውሞ 200 ቢሆን፣ ቀሪውን 300 ኒውተን እንስሳው በእግሩ መመለስ አለበት። መሬቱ ካንሸራተተው ጋሪው ከነጭነቱ በላዩ ላይ ይወጣበታል። ብዙ ፈረሶችና አህዮች ጉልበታቸው የሚሰበረው በዳገት ሳይሆን በቁልቁለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጭነቱን በግማሽ መቀነስ፣ ወይም ከጋሪው ኋላ ከባድ ግንድ አስሮ መጎተት፣ ወይም አንዱን ጎማ በጠንካራ ገመድ ከጋሪው አካል ጋር አስሮ እንዳይሽከረከር ማድረግ ነው። የማይሽከረከር ጎማ በመሬት ላይ ሲጎተት የሚፈጥረው ሰበቃ የእንስሳውን ሥራ ያቃልላል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ገመዱን መፍታት አይዘነጋ።

8. ጆንያ አይወርወር

እሸቱ ጣቢያው ከደረሰ በኋላም ሕጎቹ ሥራቸውን አያቆሙም። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ ከ1.25 ሜትር ከፍታ ሲወረወር መሬት ሲነካ ፍጥነቱ 5 ሜትር በሰከንድ ነው። በጠንካራ መሬት ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም እሸቱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት 15,000 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም አሥራ አምስት ኩንታል እንደተጫነበት ያህል ነው። ከታች ያለው ፍሬ ይፈነዳል፣ ልጣጩ ይቀደዳል፣ ከመፈልፈሉ በፊትም መብላላት ይጀምራል። ስለ ለቀማ ጥንቃቄ ወር ሙሉ ያስተማርነው በአንድ ውርወራ ይባክናል።

ያው ጆንያ ከታች በተነጠፈ ጭድ ወይም ባዶ ጆንያ ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም ጉልበቱ ወደ 3,750 ኒውተን፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሁሉም የሚሻለው በተጋደመ ጣውላ ላይ ማንሸራተት ነው። ይህም የጫኞችን ወገብ ያድናል።

9. ማኅበራት ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ) በየመሰብሰቢያው ቦታና በማጠቢያ ጣቢያው ቢያንስ አራት የእንጨት ታኮ ይዘጋጅ። ጎማ ሥር ታኮ ሳይደረግ አንድም ጆንያ አይጫን። ይህን የሚቆጣጠር ሰው በስም ይመደብ።

2ኛ) የሚቻል ከሆነ የመጫኛው ቦታ ተደልድሎ ሜዳ ይሁን። ሁለት ቀን የሚፈጅ የአካፋ ሥራ የዓመታት አደጋ ያስቀራል።

3ኛ) ከማሳ ወደ ጣቢያ የሚወስዱ መንገዶች ተዳፋት በገመድና በውኃ ልክ ይለካ። በ10 ሜትር ከ1 ሜትር በላይ የሚወርዱት በዝናብ ቀን ለጭነት መኪና ዝግ ይሁኑ፤ ወይም ጠጠር ይፍሰስባቸው።

4ኛ) የእያንዳንዱ መኪናና ጋሪ የጭነት ልክ በኩንታል ተጽፎ ይለጠፍ። መዛኙ ከልኩ በላይ እንዳይጫን ይከልክል።

5ኛ) ከባዱ ጆንያ ከታችና ከፊት ይሁን፤ ጭነቱ በገመድ ይታሰር፤ በሸራም ይሸፈን። ከመኪናው ጎን በላይ አይቆለል።

6ኛ) በጭነት ላይ ሰው አይሳፈር።

7ኛ) የለቀማው ሰዓት በቅደም ተከተል ይያዝ። ከጣቢያው የራቁት ቀድመው ለቅመው ቀድመው ያስረክቡ። ሾፌሩን የሚያስቸኩለው አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራም ጉድለት ነው። ለሾፌር «ቀስ በል» ማለት የሚሠራው ቀስ ለማለት የሚበቃ ጊዜ ሲሰጠው ነው።

10. ለልማት ሠራተኞች፦ ማስተማሪያ ሙከራ

ለገበሬው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ሲያስረዱ ከቃል ይልቅ ማሳየት ይበልጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ረጅም ጣውላ፣ አንድ የመንጠቆ ሚዛንና በእንጨት የተሠራ ትንሽ ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ 10 ኪሎ ግራም እሸት ይጫን፤ በሚዛኑም ተይዞ በጣውላው ላይ ይቀመጥ። ጣውላው ሜዳ ሲሆን ሚዛኑ ምንም አያነብም። አንደኛው ጫፍ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ሚዛኑ 1 ኪሎ፣ 2 ኪሎ እያለ ይጨምራል። ከዚያም ጣውላው እንዳለ ሆኖ እሸት ይጨመር። ገበሬው ራሱ ሚዛኑን ያንብብ። ቀጥሎም ጎማው ሥር ትንሽ ጠጠር ይደረግና ሚዛኑ ይለቀቅ። ጋሪው እንደማይንቀሳቀስ ያያል። የታኮን ጥቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ንግግር የለም።

11. ማጠቃለያ

የእንቅስቃሴ ሕጎች በመልካም ልብ አይለወጡም፤ ለለመደ ሾፌርም ለጀማሪም እኩል ይሠራሉ። ሆኖም አስቀድሞ ላሰበባቸው ሰው ጠቃሚ ናቸው። ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ የፍሬኑን ርቀት ወደ ሩብ ያወርዳል። ጭነትን ዝቅ ማድረግ መገልበጥን ይከላከላል። አንድ የእንጨት ታኮ አምስት ሰዎች የማይችሉትን ይይዛል። እሸቱ በሰዓቱ መድረስ አለበት፤ አብረውት ያሉት ሰዎችም በደኅና መድረስ አለባቸው። በመጪው ለቀማ እያንዳንዱ ማኅበር ቢያንስ በታኮውና በጭነት ልኩ እንዲጀምር ይመከራል።